ያሰፉልሃል

[የሆስፒታል ኮሪደር፣ የሽንት ሕክምና ክፍል ደጃፍ። ልብስ ሰፊውና እህቱን ያገባው ፀጉር አስተካካይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። ልብስ ሰፊው ጠዋት «ሽንት አስቸግሮኛል፣ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ፣ ሸኘኝ» ብሎ አማቹን ከነሽርጡ ከፀጉር ቤቱ አውጥቶታል።]

ፀጉር አስተካካይ፦ ተነስ አልኩህ! ያ ጫፍ የእኔ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ወንበሩ እንደሆነ አንድ ነው፤ ጫፍ ከጫፍ ምን ይለየዋል?

ፀጉር አስተካካይ፦ ለመጸዳጃ ቤቱ ይቀርባላ!

ልብስ ሰፊ፦ የታመምኩት እኔ፣ የምትሮጠው አንተ?

ፀጉር አስተካካይ፦ እኔ ውሃ ስለማበዛ ነው። [ገፍቶት ይቀመጣል] ይልቅ አትንቀጥቀጥ። የሽንት ቧንቧህ ጠበበ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ? ያሰፉልሃል።

ልብስ ሰፊ፦ ያሰፉልኛል? እኔ እያለሁ ሌላ ሰፊ ጋ?

ፀጉር አስተካካይ፦ ወይ ጣጣዬ! ልብስ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። የጠበበውን ሰፊ ያደርጉታል!

ልብስ ሰፊ፦ እንደሱ በለኛ። ጠባብ ሱሪ እኔም አሰፋለሁ። ግን መጀመሪያ ስፌቱን በምላጭ እተረትረዋለሁ።

ፀጉር አስተካካይ፦ [እግሮቹን ገጥሞ] ምላጭ አትጥራብኝ! አሁን ከውጭ መቅደድ የለ፣ መስፋት የለ። በዚያው በተፈጥሮው ቀዳዳ፣ ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ነገር ያስገባሉ።

ልብስ ሰፊ፦ ካሜራ? እዚያ? ፎቶውን ማን ሊያየው?

ፀጉር አስተካካይ፦ ሐኪሙ ነዋ! የጠበበው ጋ ሲደርስ ፊኛ ያስገባል።

ልብስ ሰፊ፦ ፊኛማ አለኝ። ሽንቴ የሚጠራቀምበት አይደል? ሁለተኛው ለምኔ ነው?

ፀጉር አስተካካይ፦ ያኛው የሽንት ፊኛ ነው! ይሄኛው የሚነፋ ፊኛ ነው!

ልብስ ሰፊ፦ ልጆች የሚጫወቱበት?

ፀጉር አስተካካይ፦ የሱ ዓይነት፣ ግን ትንሽዬ።

ልብስ ሰፊ፦ እና ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ... በአፉ?

ፀጉር አስተካካይ፦ [ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ] በአፉ አይነፋም! ውሃ በመርፌ እየገፉ ይሞሉታል! የጠበበውን ለጥጦት ሲያበቃ ተንፍሶ ይወጣል!

ልብስ ሰፊ፦ ቀስ በላ፣ ሰው ዞረብን እኮ። ያማል?

ፀጉር አስተካካይ፦ ያደነዝዙሃል። ብዙውን ጊዜ እዚህ አያሳድሩህም። ለጥቂት ቀን ሽንት ማውጫ ቱቦ ይዘህ ትቆያለህ። ተመልሶ ሊጠብ ስለሚችል ደግሞ ክትትል አለው። [በድንገት ብድግ ይላል] መጣሁ!

[ሮጦ መጸዳጃ ቤት ይገባል። ከውስጥ የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። ልብስ ሰፊው ኮርኒሱን ያያል። አማቹ ላቡን እየጠረገ ይመለሳል።]

ልብስ ሰፊ፦ ይሄም ውሃ ማብዛት ነው?

ፀጉር አስተካካይ፦ ብርድ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ግን ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው?

ፀጉር አስተካካይ፦ አንድ ደንበኛ አለኝ። ምስኪን! ሽንቱ እንደ ክር ቀጥኖበት፣ እንደ ወላድ እያማጠ ጠብ ጠብ ብቻ። ያላነበበው፣ ያልጠየቀው ነገር የለም።

ልብስ ሰፊ፦ ታዲያ አይታከምም?

ፀጉር አስተካካይ፦ እንዴት አድርጎ! ትልቅ ሰው ሆኖ ሰው ፊት ሱሪውን ያውርድ?

ልብስ ሰፊ፦ ጭራሹን ቢዘጋበትስ?

ፀጉር አስተካካይ፦ እሱማ... ለኩላሊቱም ያሰጋዋል።

ልብስ ሰፊ፦ ደንበኛህ ጅል ነው።

ፀጉር አስተካካይ፦ ጅል አይደለም! ፈሪ ነው። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እውነቴን ነው፣ አንተን ቀናሁብህ። ፊኛና ፊኛ ባትለይም ድፍረቱ አለህ።

[በሩ ይከፈታል።]

ነርስ፦ ፀጉር አስተካካዩ ይግቡ!

ፀጉር አስተካካይ፦ ተሳስተሻል እህቴ፣ ታማሚው እሱ ነው።

ነርስ፦ እሳቸውንማ አስፍተንላቸው፣ ቱቦውንም አውጥተንላቸው፣ ድነው ነው የሚመላለሱት። የዛሬው ወረፋ የእርስዎ ነው።

ፀጉር አስተካካይ፦ [ወደ አማቹ ዞሮ] ታክመሃል? ታዲያ ፊኛው፣ ካሜራው እያልክ ስታደርቀኝ የዋልከው?

ልብስ ሰፊ፦ ምን ላድርግ? ሐኪም ቤት ያልኩህ ጊዜ ሁሉ ሱቅህን ዘግተህ ትጠፋለህ። አንተ ደግሞ የምትሰማው ሰው ራስህን ብቻ ነው። ስለዚህ ራስህን እንድትመክር አመጣሁህ።

ፀጉር አስተካካይ፦ እና... ሚስቴ ታውቃለች?

ልብስ ሰፊ፦ ወረፋውን ማን ያዘልህና? ሚስትህ ታውቃለች፣ ልጆችህ ያውቃሉ፣ ሰፈሩ ያውቃል። የሰው ራስ ግማሹን ላጭተህ፣ ግማሹን ትተህ ስትሮጥ ደንበኞችህ ምን የሚሉ መሰለህ? እዚህ አገር መታመምህ መታወቁን ያላወቀ አንድ ሰው ቢኖር አንተ ብቻ ነህ!

[ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን ፈትቶ ለአማቹ ያስታቅፈውና ነርሷን ተከትሎ ይገባል።]