የሰፈራችን ፍል ውሃ እንዴት እንደታሸገ

«የሚመለከተው አካል» የሚባለውን ፍጡር በዓይናችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላየሁትም ነበር። መንገድ ሲቦረቦር፣ መብራት ሲጠፋ፣ የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም እሱን እንጠራለን። ይምጣና ይይልን እንላለን። እንዲመጣ የምንፈልገው ግን ጎረቤት ቤት ነው እንጂ እኛ ቤት አይደለም። የእኔ ደግሞ ከሁላችሁም ይብሳል፤ በአንድ ልብ እንዲመጣም እንዳይመጣም የተመኘሁ ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ጉለሌ፣ የእንጦጦ ዳገት ከመጀመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከቤቴ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ የፍል ውሃ መታጠቢያ አለ። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ከመሬት ሆድ የሚወጣውን ትኩስ ውሃ በየክፍሉ አዳርሰው ሰው ያስታጥባሉ። እናቴ የቤቱ የዘወትር ደንበኛ ናት። ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟት ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሄድ እንኳ የእኔን ትከሻ ትፈልግ የነበረች ሴትዮ፣ እዚያ መታጠብ ከጀመረች ወዲህ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። አልፋ ተርፋ ለቅሶ ቤት ታመሻለች። ስለዚህ የፍል ውሃው ጠላት አይደለሁም፤ ይህን ያዙልኝ።

ችግሩ የመጣው ጋሽ ደምሴ ውሃው ይበልጥ እንዲግል ብለው ጉድጓዱን ካስጠለቁት በኋላ ነው። ከውሃው ጋር እንፋሎት ይመጣ ጀመር። እንፋሎቱ የሚወጣበት መተንፈሻ ቧንቧ ነበረው፤ ጩኸቱ ደንበኛ አባረረብኝ ብለው ደፈኑት። መውጫ ያጣ እንፋሎት ምን እንደሚያደርግ የሚፈላ ድስት የከደነ ሁሉ ያውቃል። የወጥ ቤቴ ግድግዳ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። ባለቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ግድግዳውን እጠብቃለሁ። ቢፈነዳ ምን ላደርግ እንደነበር አትጠይቁኝ። ፈርቼ ነበር፣ በቃ።

ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። «አይ ልጄ፣ ሲግል ድምፅ ያሰማል እንጂ ምንም አይል» አሉና በነፃ እንድታጠብ ጋበዙኝ። ሲጨንቀኝ ክፍለ ከተማ ሄጄ አመለከትኩ። እነሱም ጉድጓድ ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መሩኝ። ስሜ እንዳይነሳ ለምኜ፣ እፎይ ብዬ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ነው የእናቴ ጉልበት ትዝ ያለኝ። ቢዘጉትስ?

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ «ምነው እነዚህ ሰዎች የት ቀሩ?» እላለሁ። እናቴ ፎጣዋን ይዛ በገዛ እግሯ ስትወጣ ሳያት ደግሞ «ምነው መንገድ ላይ በቀሩ» እላለሁ።

«ድንገተኛ ቁጥጥር» ማክሰኞ ጠዋት እንደሚመጣ ሰፈሩ በሙሉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ምን ይደረግ፣ እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪም እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቤት ተሰናድቶ ነው የሚጠበቀው። ጋሽ ደምሴ የግቢውን ድንጋይ ነጭ፣ ቧንቧውን ሰማያዊ አስቀቡ። የተደፈነው መተንፈሻ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀመጡበት። ከዋዜማው ጀምሮም ዋናውን መክፈቻ፣ ሳራቺኔስካውን፣ እስኪበቃው አጠበቡት። ግድግዳዬ ጸጥ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት የሚመለከተው አካል መጣ። ቦት ጫማ ያደረገች አንዲት ወጣት ኢንጂነርና አንድ ባልደረባዋ ነበሩ። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ ቆምኩ። ኢንጂነሯ የግፊት መለኪያውን አየች፤ ቀስቱ ተኝቷል። ወደ እኔ ዞረችና «እርስዎ ዘንድ የሚሰማ ነገር አለ?» አለችኝ። ጋሽ ደምሴ አዩኝ። ወጥ ቤቴን አሰብኩ፤ የእናቴን ጉልበት አሰብኩ።

«እ... ማለቴ... አልፎ አልፎ» አልኩ።

ይኼኔ እናቴ ከአንዱ መታጠቢያ ክፍል በንዴት እየጨሰች ብቅ አለች።

«አንተ ደምሴ! ምን አድርገህ ነው ውሃውን ያቀዘቀዝከው? እንግዳ መጣ ብለህ እኔን በብርድ ልትገድለኝ ነው?»

«እማማ፣ ሌላ ቀን እንዲህ አይደለም እንዴ?» አለቻት ኢንጂነሯ፣ ዝቅ ብላ።

«ሌላ ቀንማ ግድግዳ ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ ልጄ! ንገሪልኝ እስቲ፣ እንደ ወትሮው ይልቀቀው።»

«እንደ ወትሮው ይልቀቁት» አለች ኢንጂነሯ።

ጋሽ ደምሴ ላብ በላብ ሆነው ለቀቁት። ቀስቱ ተነሳ። ቧንቧው አፏጨ፣ ከዚያ ጮኸ። የአበባው ማሰሮ ወደቀ፤ አንዱ መገጣጠሚያ ተላቅቆ እንፋሎቱ የወጥ ቤቴን ግድግዳ ይገርፈው ጀመር። ባለቤቴ ቢላዋ እንደያዘች በር በርግዳ ወጣች። የኢንጂነሯ ባልደረባ ዘሎ ሳራቺኔስካውን ባይዘጋው ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ ከሆስፒታል ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን። ግድግዳዬ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በዚያው ቀን መተንፈሻው እስኪከፈትና የጥልቀቱ ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ በሚል በሩ ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

እናቴ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እኔም ውሃ እያፈላሁ፣ ፎጣ እየነከርኩ ጉልበቷን አሞቃለሁ። በሰንበቱ ጋሽ ደምሴ ሊጠይቋት መጥተው ተቀመጡና «ለመሆኑ ማን ይሆን የጠቆመብን?» አሉ። እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች።

«ማንም ይሁን ማን፣ ይህን ያስዘጋብኝን ሰው እግዜር እንደኔው ጉልበቱን ይያዝለት!»

ጋሽ ደምሴ «አሜን» አሉ። ባለቤቴ፣ ማን እንዳመለከተ አሳምራ የምታውቀው ባለቤቴ፣ ከሳቸው ከፍ ባለ ድምፅ «አሜን» አለች። ከዚያ ሁሉም እኔን ጠበቁ። አመልካቹ እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያስዘጋችው እናቴ ራሷ ናት። ይህን ለእናት እንዴት ብሎ ማስረዳት ይቻላል? ፎጣውን ጉልበቷ ላይ ጠበቅ አድርጌ «አሜን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ጉልበቴን አጥፎ መዘርጋት ነው። እስካሁን ደህና ነኝ። የግራው ግን ትንሽ ያጠራጥረኛል።