አያ አቻምየለህ የፈቷት ብስክሌት

በእስራኤሏ ከተማ በኔታንያ በየሕንፃው አንድ የሚቆም ሊፍት፣ አንድ የሚያፈስ ቧንቧና «ፈትቼ ልየው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሊፍቱም ቧንቧውም አንድ ቀን ይሠራሉ፤ ሰውየው ግን አያርፍም። በነየሺአረግ ሕንፃ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አያ አቻምየለህ ናቸው። ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ማሽን ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ማሽን ማጽዳትና ማሽን ማወቅ ለእሳቸው አንድ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የራሳቸውን ቤት ዕቃ ፈትተው ጨርሰው ወደ ጎረቤት ዞረዋል። የባንችን ልብስ ማጠቢያ ሲገጥሙ አምስት ብሎን ቢተርፋቸው፣ ፋብሪካው አብዝቶ ነው ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

የሺአረግ ደግሞ ደክሟታል። ሳፒር ፋብሪካ ቆማ ስታሽግ ውላ በአውቶቡስ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። ቤት የሚጠብቃት የለም፤ ልጇ ሊራዝ አግብታ ቃዲማ ዞራን ነው የምትኖረው። በዚህ ላይ ስኳር አለባት። የኩፓት ሆሊሟ፣ የጤና ጣቢያዋ፣ ነርስ ሦስት ወር ሰጠቻት፤ እስከዚያ ካልወረደ መርፌ ነው። መርፌውን በእህቷ በትርፌ ሆድ ላይ አይታዋለች፣ ያየችው ይበቃታል። ስለዚህ ሊራዝ የቤት ውስጥ ብስክሌት ገዛችላትና የሺአረግ በየቀኑ ማሳኩ፣ ማለትም ቁጥር የሚታይበት መስታወት፣ ሠላሳ ደቂቃ እስኪል ትረግጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ማሳኩ ጨለመ። ማንም የማይቆጥረውን ድካም ምን ልደክመው ብላ ተወችው።

አያ ይህን ሰሙና መፍቻቸውን ይዘው ደረሱ። ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ አይመለስም፣ አስገባቻቸው። በዕብራይስጥ የተጻፈውን መመሪያ ዘርግተው ፊደል በፊደል ሲለቅሙ ቆይተው የሚያውቋትን አንዲት ቃል አገኙ፤ ዶፌክ የምትል። ወረቀቱ የልብ ምትን ማለቱ ነበር። አያ ግን ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት፣ ሲማሩ የያዟት በር ለሚያንኳኳ ሰው ስትባል ነው።

«አንኳኩ ነው የሚለው፣ የሺ» አሏትና ማሳኩን በጣታቸው አንጓ መቱት። በራ። አራት ዜሮ አሳይቶ ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አያን ማን ይመልሳቸው።

በየቀኑ ከሥራ ስትገባ ከተፍ ይላሉ። መብራቱ የሚመጣው ከፔዳሉ ስለሆነ እሷ ካልረገጠች ሙከራ የለም። «በርቺ፣ እንዳታቆሚ፣ ሊመጣ ነው» ይሏታል። እሷ ትረግጣለች፤ እሳቸው ያንኳኳሉ፣ ይፈታሉ፣ ስለ ሱዳኑ መንገድና ስለ ድሮው አለቃቸው ስለ ጊዶን ያወራሉ። አንዳንድ ቀን ከድካሟ ብዛት ብስክሌቷም አያም ተያይዘው በመስኮት ቢወጡላት ትመኝ ነበር። ሽቦው በዛ፣ ፕላስተሩ በዛ፣ ማሳኩ ግን ሞቶ ቀረ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ነርሷ የደም ምርመራውን አየች፣ ደግማ አየች። ስኳሩ ወርዷል፣ መርፌው ቀርቷል። ምን አድርጋ እንዳወረደችው ብትጠይቃት የሺአረግ ብዙ አሰበችና ብስክሌት እያስጠገንኩ ነበር አለቻት።

የዚያን ዕለት ሊራዝ ደስታዋን አልቻለችውም፤ አዲስ ማሳክ የሚገጥም ባለሙያ አግኝታ ለእናቷ ደወለች።

«ኢማ፣ ማሓር ባቦከር፣ ነገ ጠዋት ይመጣል፣ ቤሴዴር፣ እሺ? አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።»

የሺአረግ ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ዞረች። የአያ ጫማ በደረጃው ላይ እየተጎተተ ሲወጣ ይሰማታል። ያን ድምፅ ስትጠብቅ እንደዋለች ገና አሁን ታወቃት፤ በዚህ ዕድሜዋ አፈረችም፣ ደስም አላት።

«አይምጣ፣ ልጄ» አለቻት። «አያ ገና አልጨረሱም።»