የመቀስ የአሥራ ስድስት ሳምንት ዕቅድ

(የልብስ ስፌት ሱቅ፤ ከቀትር በኋላ። ግድግዳው ላይ ለልብስ ቅድ በሚያገለግል ቡናማ ወረቀት የአሥራ ስድስት ሳምንት የማራቶን ልምምድ በጠመኔ ተሰምሮ ተሰቅሏል። አሥራ አምስቱ ሳምንት ተሰርዟል። የሱቁ ባለቤት ሃምሳ ዓመት የሞላው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰፈሩ መቀስ ይለዋል፤ እሱ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። ካውያ የሚባለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የተሰፋውን ይተኩሳል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ የሚለው ግን መቀስ ብቻ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ውድድሩ እሑድ። መቀስ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅሎ ተንጋሏል፤ አንድ ክር ከጠረጴዛው ወድቆ ተንከባሎ ሥሩ ቆሟል።)

መቀስ፦ አልነሳም አልኩህ፣ አልነሳም!

ካውያ፦ ጋሼ፣ ክሩ እኮ እዚያው ሥርዎ ነው ያለው። ትንሽ ጎንበስ ቢሉ ይደርሱበታል።

መቀስ፦ ወረቀቱን አንብብ! ዓርብ ምን ይላል?

ካውያ፦ "ሙሉ ዕረፍት።"

መቀስ፦ ታዲያ ሙሉ ዕረፍት ውስጥ ጎንበስ የሚባል ነገር አየህ?

ካውያ፦ አላየሁም። ግን ጠዋት ቁርስ ሲበሉ አይቻለሁ።

መቀስ፦ ቁርስማ ዕቅዱ ውስጥ አለ!

ካውያ፦ ሁለቴ?

መቀስ፦ ከውድድር በፊት ስንቅ ይከማቻል። ሰውነት ማለት መጋዘን ነው።

ካውያ፦ (የመቀስን ሆድ እያየ) መጋዘኑስ ሞልቷል።

(ክሩን ራሱ ያነሳል። ድሮም የሚያነሳው እሱ ነው።)

ካውያ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መቀስ፦ አንድ ብቻ? ተሻሽለሃል።

ካውያ፦ ማክሰኞ ቀስ ብለው ሮጡ። ረቡዕም ቀስ ብለው ሮጡ። ታዲያ እሑድ ማን ሊፈጥን ነው?

መቀስ፦ እኔ ነኛ! ለመፍጠን መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ነው የሚሮጠው። ሳይንስ ነው።

ካውያ፦ እንግዲያው እኔም ሳምንቱን ሙሉ ቀስ እያልኩ ብተኩስ፣ ቅዳሜ ልብሱ በራሱ ይተኮሳል ማለት ነው?

መቀስ፦ አንተማ ከዚህ በላይ ቀስ ካልክ ልብሱ እጅህ ላይ ያረጃል! "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲባል አልሰማህም?

ካውያ፦ ሰምቻለሁ። እንቁላሉ ግን በስንት ሰዓት ገባ?

(መቀስ ርዕስ ይቀይራል። ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ስለሆነ ካውያ ራሱ ይደነግጣል።)

መቀስ፦ ስማ! ቀልድ አይደለም። ለትልቁ ማራቶን በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ማለፊያው ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው። አምና በአርባ ሰከንድ አመለጠኝ። አርባ ሰከንድ! መርፌ ውስጥ ክር የማይገባበት ጊዜ! ምዝገባው እሑድ ማታ ይዘጋል። እህትህ ደግሞ "ይኼ የመጨረሻህ ነው፤ ሰኞ ወረቀቱ ከግድግዳው ይወርዳል" ብላኛለች።

ካውያ፦ እትዬ አንዴ ካለች አለች ነው።

መቀስ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ልክ ስሰፋ ኖርኩ። ይቺን አንዷን ማለፊያ እንኳ በራሴ ልክ ልስፋት ብዬ ነው። በጣም ነው የምፈልጋት፤ ምን እዋሽሃለሁ።

(ካውያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሜትር ሰርቆ ያያል።)

ካውያ፦ ያገኟታል፣ ጋሼ።

መቀስ፦ እንዴታ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ነው የታጠቅኩት። መንገዱን ማን ለካው? እኔ! ከሱቃችን በር ተነስቶ እስከ ትልቁ ድንጋይ አምስት መቶ ሜትር፣ ደርሶ መልስ አንድ ኪሎ ሜትር። በገዛ የአንድ ሜትር ተኩል ሜትራችን፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ጊዜ እየዘረጋን!

ካውያ፦ አልረሳሁትም። በጉልበቴ እየዳህኩ ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

መቀስ፦ የዛሬ አምስት ሳምንት ሠላሳ ደርሶ መልስ በሁለት ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ገባሁ። በዚህ አካሄድ ሙሉውን ማራቶን በሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት እጨርሳለሁ። ምሥጢሩ እርምጃዬ ነው። አንዱ እርምጃዬ ልክ አንድ ሜትር ተኩል ነው።

ካውያ፦ በዝቷል፣ ጋሼ።

መቀስ፦ በዝቷል? ሜትሩን አምጣና መሬት ላይ ዘርጋው!

ካውያ፦ (ሜትሩን ከኋላው እየደበቀ) ዛሬ ሙሉ ዕረፍት አይደል እንዴ?

መቀስ፦ አንድ እርምጃ ነው!

ካውያ፦ ጎንበስ ያልፈቀደ ወረቀት እርምጃ ይፈቅዳል?

መቀስ፦ አምጣው አልኩህ!

(ዕረፍቱን ጥሎ ይነሳል፤ ሜትሩን ይነጥቃል፤ መሬት ላይ ይዘረጋል። ካውያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።)

መቀስ፦ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ መቶ አርባ... (ጫፉን ያገላብጣል) መቶ ሃምሳው የት ሄደ?

ካውያ፦ ተቃጠለ።

መቀስ፦ መቼ?

ካውያ፦ መንገዱን ልንለካ ሁለት ቀን ሲቀረን። ካውያውን ላዩ ላይ ረሳሁት። ከዚያ የተቃጠለውን ቆርጬ ጫፏ ላይ ያለችውን ብረት መልሼ ሰፋኋት።

መቀስ፦ ታዲያ አራት ወር ሙሉ እንዴት አላየሁም?

ካውያ፦ ወገቡ ከመቶ አርባ የሚበልጥ ደንበኛ አልመጣማ።

(መቀስ ወንበሩ ላይ ይወድቃል። በጣቱ ያሰላል፤ ጣት ያልቅበታል፤ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ያሰላል።)

መቀስ፦ በአንድ ዝርጋታ አሥር ሳንቲም... በኪሎ ሜትሩ ከስልሳ ሜትር በላይ... ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት! እኔ የሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ሰው ነኝ! አለቀልኝ! አንተ ሰው፣ ምን አድርጌህ ነው? ለምን አልነገርከኝም?

ካውያ፦ ፈራኋ። ደግሞ እርስዎ "ያንተ ሥራ ጫፍ መያዝና ዙር መቁጠር ብቻ ነው፤ አታስብ" አሉኝ።

መቀስ፦ እና አላሰብክም!

ካውያ፦ ትንሽ አሰብኩ።

መቀስ፦ አንተ? ምን ብለህ?

ካውያ፦ እርስዎ ሲሮጡ ዙር አይቆጥሩም...

መቀስ፦ ሯጭ ጭንቅላቱን ቁጥር አያሸክምም!

ካውያ፦ እሱን ነው የምለው። እኔ ነኝ የሸሚዝ ቁልፍ ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ እያዛወርኩ የምቆጥርልዎት። በየአሥራ አራቱ ቁልፍ ለእርስዎ ያልነገርኩት አንድ ዙር ጨመርኩ። በየዝርጋታው አሥር ሳንቲም ለጎደለው መንገድ ልኩ እሱ ነው።

(መቀስ ጠመኔውን ያስቀምጣል።)

መቀስ፦ ሠላሳ ነው ያልከኝ ቀን... ስንት ሮጥኩ?

ካውያ፦ ሠላሳ ሁለት። ከዚያ ደግሞ ለቀረችው ትርፍ መንገዱ ላይ እስካለው መድኃኒት ቤት። ያን ቀን ውኃ ይዤ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የጠበቅኩዎት ለዚያ ነበር።

መቀስ፦ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ከሃያ አራቱ...

ካውያ፦ የሙሉ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው።

መቀስ፦ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለቱም...

ካውያ፦ እውነት ነው፣ ጋሼ። እሑድ የአዘጋጆቹ ሜትር ካልተቃጠለ ያልፋሉ።

(መቀስ ይነሳል፤ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሳል። ሊቆጣ ነው፣ ሊያቅፈው ነው፣ ራሱም አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።)

መቀስ፦ አራት ወር ሙሉ! ከወረቀቱ በላይ ስሮጥ እያየህ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ "ጋሼ፣ ዛሬ ሁለት ዙር ይጨምራሉ" ብትለኝ?

ካውያ፦ ብነግርዎትማ ኖሮ ይደክምዎት ነበር።