የቆሻሻ ማቃጠያው መስፈርትና የስድሳው አንሶላ ጉዳይ

የደረቅ ቆሻሻ ማቃጠያ ኮሚቴ፣ አርባ ሰባተኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን።

ቦታ፦ የማቃጠያው መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከምድጃው በር ሁለት እርምጃ ላይ። የስብሰባ አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ነው። መቀባት ከጀመረ አራት ዓመቱ ስለሆነ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ የተሰበሰበው እዚሁ ነው።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ከሩብ።

የተገኙ፦

1. ሰብሳቢው፣ የማቃጠያው ሥራ አስኪያጅ።
2. የቴክኒክ ባለሙያው። ያለ አንቀጽ ስለማይናገሩ ሠራተኛው «አንቀጽ» ይላቸዋል።
3. የጥበቃ ኃላፊው።
4. የምድጃው ኦፕሬተር። ድምፃቸው ከትንኝ ስለማይበልጥ «ገሞራ» ይባላሉ።
5. የአካባቢው ነዋሪዎች ተወካይ፣ ግቢያቸው ከማቃጠያው ጋር በአጥር የሚዋሰን ልብስ አጣቢ።
6. ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ።

ያልተገኙ፦ የሥራ ደህንነት ተወካዩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቀው ስለተኙ።

ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ጸሐፊው የልብስ አጣቢዋ አጎት መሆኑን አስመዘገበ። ሰብሳቢው በስብሰባ ውስጥ አጎት የሚባል ነገር እንደሌለ ገለጹ። በመሆኑም ቤት ውስጥ «አንቺ» የሚባሉት ተወካይ በዚህ ቃለ ጉባኤ «እሳቸው» ተብለዋል። ጸሐፊው እየለመደው ነው።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ኦፕሬተሩ ስለ ሙቀት መለኪያው ከሁለት ዓመት በፊት ያስገቡት ደብዳቤ ዛሬ እንኳ ይታይልኝ ብለው ጠየቁ። ደብዳቤው የተያዘው «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ስለሆነ እዚያ ሲደረስ እንደሚታይ ተነገራቸው። ባለፉት ሃያ አራት ስብሰባዎች «ልዩ ልዩ» ላይ ተደርሶ አያውቅም።

በዚህ መካከል ልብስ አጣቢዋ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሡ። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት ቢሉም እሳቸው ከዘንቢላቸው አንድ አንሶላ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አንሶላው ጥቀርሻ ጠብ ጠብ ያለበት ነው። ቀጥሎ የተናገሩትን ጸሐፊው እንዳለ አስፍሯል፦

«ስድሳ አንሶላ ነው፤ የክሊኒኩ። ነጥብ አለበት ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል። ዓርብ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ሥራውን ለሌላ ሊሰጡት ነው። አብረውኝ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ምን እላቸዋለሁ? የምለምነው እስከ ዓርብ ምድጃው እንዳይነድ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት አላልኩም።»

ሰብሳቢው ጉዳዩ ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጸው ወደ «ልዩ ልዩ» መሩት። አንሶላው በማስረጃነት እንደተዘረጋ እንዲቆይ ተፈቀደ። ለጠረጴዛው ውበት ሰጥቶታል።

ሰብሳቢው ጨምረው ጥቀርሻው ከዚህ ምድጃ ይወጣል የሚለውን እንደማይቀበሉ አስረዱ። ለማስረጃም አባላቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ እንዲያዩ ጋበዙ። መለኪያው ስምንት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ያሳያል። ከዚያ በመስኮቱ ጭስ ማውጫውን እንዲያዩ ጋበዙ። ጭስ የለም። እንግዲህ ምድጃው እየነደደ ጭስ ከሌለ ጥቀርሻው ከየት መጣ ሲሉ ጠየቁ። ኦፕሬተሩ እጃቸውን አወጡ። ተራቸውን እንዲጠብቁ ተነገራቸው።

አጀንዳ 2፦ የማቃጠያውን የአሠራር መስፈርት ማውጣት

ሰብሳቢው ሰኞ ተቆጣጣሪዎች እንደሚመጡና መስፈርቱን በጽሑፍ ማየት እንደሚፈልጉ አስታወቁ። መስፈርት የለም። ትናንት የተጻፈ እንዳይመስል፣ ዛሬ የሚወጣው ሁሉ ማቃጠያው ሥራ ከጀመረበት ዕለት አንስቶ የጸና ነው እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያው ያላየነውን ዘመን እንዴት እናጸናለን ቢሉም ሰብሳቢው ተቆጣጣሪ ሰው አዲስ ወረቀት እንደማይወድ አስረድተው ሐሳቡ በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

2.1 ስለ ሙቀት። ጭሱ የሚነድበት የምድጃው ሁለተኛ ክፍል ሙቀት ከስምንት መቶ ሃምሳ ዲግሪ እንዳይወርድና በየሰዓቱ እንዲመዘገብ ተወሰነ። ባለሙያው መዝገቡን ገልጠው በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰዓት ከስምንት መቶ ሃምሳ ወርዶም ወጥቶም እንደማያውቅ በኩራት ገለጹ። ሰብሳቢው በየወሩ ራሳቸው እንደፈረሙበት አስታወሱ። ኮሚቴው አጨበጨበ። ጥበቃ ኃላፊው ብርዱ ከዐቅም በላይ ሆነ በማለታቸው መስኮቱ እንዲዘጋ በተጨማሪ ተወሰነ።

2.2 ስለ ርቀት። ምድጃው በሚነድበት ጊዜ የቆዳ ሽርጥ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያላደረገ ሰው ከአምስት ሜትር በታች እንዳይጠጋ ተወሰነ። ጥበቃ ኃላፊው የሚጠጋውንስ ምን ላድርገው ብለው ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሰብሳቢው ራሳቸው የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አስጨመሩ፦ «ይህን ተላልፎ በአምስት ሜትሩ ክልል ውስጥ የተሠራ ማናቸውም ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።» ዐረፍተ ነገሩ ጥርስ ያለው ነው ተብሎ ተመሰገነ።

2.3 ስለ ቆሻሻ ዓይነት። ባትሪ፣ ጠርሙስና እርጥብ ቆሻሻ ወደ ምድጃ እንዳይገባ ተወሰነ። ኦፕሬተሩ በዝናብ ጊዜ የሚመጣው ሁሉ እርጥብ ነው አሉ። ሰብሳቢው ቆሻሻው ከመምጣቱ በፊት ደርቆ እንዲመጣ ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ጸሐፊው ቢጠይቅ፣ ደብዳቤው ሲደርሰው ራሱ ያውቀዋል ተብሏል።

2.4 ስለ አመድ። አመዱ ቀዝቅዞ፣ ተመርምሮና ተሸፍኖ እንዲቀበር፣ ለማንም እንዳይሰጥ ተወሰነ። ባለሙያው አመድ ውስጥ ለጤና የሚያሰጋ ብረት ሊኖር እንደሚችል አስረዱ። ጥበቃ ኃላፊው ፊታቸው ተለዋወጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ጆንያ እየወሰዱ ጎመናቸው ሥር ማድረጋቸውን ተናዘዙ። ልብስ አጣቢዋ፣ ለካ ጋሼ እንዲህ የጠነከሩት ብረት በልተው ነው አሉ። አባባሉ ከአጀንዳው ጋር ስለማይያያዝ አልተመዘገበም።

2.5 ስለ ጭስ ማውጫ ቁመት። ጭስ ማውጫው በዙሪያው ካለው ሁሉ ከፍ ያለ መሆን እንዳለበት ባለሙያው አነበቡ። ማሳደግ እንደማይቻል ታወቀ። ሰብሳቢው ጭስ ማውጫው ከፍ ማለት ካልቻለ ዙሪያው ዝቅ ማለት ይችላል በማለት ልብስ አጣቢዋ የማስጫ ገመዳቸውን በሁለት ክንድ እንዲያወርዱ ሐሳብ አቀረቡ። ልብስ አጣቢዋ፣ ያን ያህል ካወረድኩት አንሶላው አፈር ይልሳል፤ ለማቆሸሹ ያኔ የእናንተ ጭስም አያስፈልገኝ ሲሉ መለሱ። ሐሳቡ ሦስት ለሁለት አለፈ። ኦፕሬተሩ ከልብስ አጣቢዋ ጋር ድምፅ በመስጠታቸው ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው።

የስብሰባው ሂደት ለአጭር ጊዜ ስለተቋረጠበት ምክንያት

ገመዱ በስንት ቀን ውስጥ ይውረድ በሚለው ላይ ውይይት እየተካሄደ ሳለ የምድጃው በር ከውስጥ ተገፋ። አንዲት ድመት ወጣች። ተንጠራራች፤ አዛጋች፤ ጠረጴዛው ላይ ዘልላ አንሶላውን ከዳር እስከ ዳር ተሻገረችበት። የእግሯ ዱካ አሥራ አንድ ሲሆን ቀለሙ ከጥቀርሻው ነጥብ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ያሉ አባላት ነበሩ። ድመቷ በመጨረሻ ሰብሳቢው ፊት ባለው መዝገብ ላይ ተቀመጠች።

መለኪያው ስምንት መቶ ሃምሳ ያሳያል።

ሰብሳቢው ኦፕሬተሩን ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ኦፕሬተሩ ተራዬ ደርሷል ወይ ብለው አረጋገጡና እንዲህ አሉ፦

«ጋሼ፣ ስብሰባ ባለበት ቀን ጭሱን አጥፋ ብለውኝ ነበር። ጭሱን ለብቻው ማጥፋት አላውቅበትም፤ እንዲበርድ ብዬ እሳቱን ቀደም አድርጌ አጠፋሁት። ከእሁድ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው። መለኪያው የሞተው ግን ዱሮ ነው፤ እሱን ነው በደብዳቤ የጻፍኩት። አዲሱ መለኪያ እኮ መጥቷል። እግርዎን ያሳረፉበት ካርቶን ውስጥ ነው።»

ሰብሳቢው እግራቸውን አነሡ።

ኦፕሬተሩ አዲሱን ለመግጠምና ጥቀርሻ የጠጣውን ጭስ ማውጫ ለመጥረግ ምድጃው ሦስት ቀን ቀዝቅዞ መቆየት እንዳለበት፣ ለሁለት ዓመት የለመኑትም ይህንኑ እንደሆነ አከሉ። ከተጠረገ ጥቀርሻው እንደሚቀንስም ተናገሩ። ልብስ አጣቢዋ ቀና ብለው አዩዋቸው። እኚህ ሰው ካሁን በፊት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም።

ቀጥሎ ከድመቷና ከመለኪያው ማን ይታመን የሚለው ለውይይት ቀረበ። ባለሙያው መለኪያው ማኅተም ያለበት ሲሆን ድመቷ ምንም ዓይነት ማስረጃ እንዳላቀረበች አስረዱ። ጥበቃ ኃላፊው ድመቷ በጥበቃ በኩል ያልተመዘገበች ስለሆነች በሕግ ፊት እንዳልገባች፣ ያልገባች ደግሞ ልትወጣ እንደማትችል ተናገሩ። ሰብሳቢው መለኪያው ሞቷል ማለት የአራት ዓመት መዝገብ በየሰዓቱ ዋሽቷል፣ እሳቸውም በየወሩ ፈርመውበታል ማለት እንደሚሆን በዝግታ አስገነዘቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ምድጃው በአሁኑ ሰዓት በስምንት መቶ ሃምሳ ዲግሪ እየነደደ እንደሆነ ተወሰነ።

ድመቷ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ወደ ምድጃው ተመልሳ ተኛች።

በውሳኔው ላይ የተነሣ አስተያየት

ጸሐፊው ድምፅ ባይኖረውም የጻፈውን የማንበብ ግዴታ ስላለበት ተራ ቁጥር 2.2ን ጮክ ብሎ አነበበ። ምድጃው የሚነድ ከሆነ፣ ኮሚቴው ያለ ሽርጥና ያለ ጓንት የተቀመጠው ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። በክልሉ የተሠራ ሥራ ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ባለሙያው ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ መስፈርቱ ማቃጠያው ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ የጸና ስለሆነ የፈረሰው የዛሬው ስብሰባ ብቻ እንዳልሆነ፣ ኮሚቴው እዚሁ የተቀመጠባቸው አርባ ስድስቱም አብረው እንደሄዱ ተናገሩ። ቆይተው ደግሞ፣ ሁሉም ከፈረሰ 2.2 ራሱ ፈርሷል፤ 2.2 ከፈረሰ ደግሞ ምንም አልፈረሰም ማለት ጀመሩ። ነገሩ ጭራዋን እንደምታሳድድ ውሻ ስለሆነ በሰብሳቢው ትእዛዝ እንዲያቆሙ ተደርጓል።

ለሰብሳቢው ሁለት መንገድ ቀረበላቸው። ወይ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዝገቡን ውሸት ማድረግ፣ ወይ ምድጃው ይነድዳል ብሎ ስብሰባዎቹን ማፍረስ። መዝገቡን አዩ፤ ፊርማቸውን አዩ። ውሃ ጠጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ኮሚቴው በዛሬው ዕለትም ሆነ ከተቋቋመ ጀምሮ የወሰነው ማናቸውም ነገር፣ የማስጫ ገመዱን ማውረድ ጨምሮ፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ኦፕሬተሩ እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጠየቁ። ምድጃውን ለኩስ የተባሉት በዚህ ኮሚቴ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ በመጀመሪያው ውሳኔ ነው።

«ታዲያ እሱም ከፈረሰ ነገ በማን ፈቃድ ልለኩሰው?»

ሰብሳቢው አዲስ ፈቃድ አሁኑኑ ይሰጥ አሉ። ባለሙያው አዲስ ስብሰባ የሰባት ቀን ጥሪ እንደሚያስፈልገው፣ ቦታውም ከምድጃው አምስት ሜትር መራቅ እንዳለበት፣ አዳራሹም ገና እንዳልደረቀ አስታወሱ። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞረው አንድ ቀዳዳ እንዲፈልግ ጠየቁ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አገላበጠ፤ መነጽሩን ጠረገ፤ እንደገና አገላበጠ። ቀዳዳ አላገኘም። በሰባቱ ቀን ውስጥ፣ ሰኞ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ግን አዲስ መለኪያ የገባለትና ጭስ ማውጫው የተጠረገ ምድጃ እንደሚያዩ በትሕትና ጠቆመ። ሰብሳቢው ይህን ሐሳብ ዱሮም ይዘውት እንደነበር ገለጹ። ካርቶኑንም ለኦፕሬተሩ በገዛ እጃቸው አቀበሏቸው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የልብስ አጣቢዋ አቤቱታና የኦፕሬተሩ ደብዳቤ ቀርበው የነበረ ቢሆንም ጊዜ ባለመኖሩ ሳይታዩ ታልፈዋል። ሁለቱም ባለጉዳዮች ቅሬታ እንደሌላቸው ተናግረዋል። ልብስ አጣቢዋ የድመቷ ዱካ ያለበትን አንሶላ አጣጥፈው፣ ሃምሳ ዘጠኙ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ሳታልፍ ልሂድ ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጸሐፊውን «አጎቴ» ብለው ተሰናበቱ። ስብሰባው ስለፈረሰ የሚከለክል አልነበረም።

ስብሰባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። በዚያ ሰዓት የጭስ ማውጫው አፍ ንጹሕ ሰማይ ያይ ነበር፤ ከአጥሩ ባሻገር የማስጫው ገመድ በቀድሞ ቁመቱ ነበር፤ ድመቷ ምድጃው ውስጥ ተኝታ ነበር፤ መለኪያው ስምንት መቶ ሃምሳ ያሳይ ነበር።

ይህን የጻፍኩት እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ያደረገኝም ውሳኔ አብሮ ስለፈረሰ የፈረምኩት እንደ አጎት ነው።