ዘጠኙ ደህና ሰዎች

[የሰፈር አዳራሽ በር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ። መምህሩ ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩን የኪነ ጥበብ ዝግጅት የሚያስተባብሩ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ አንዱ ቁልፍ ግን ያለ ቦታው ገብቷል። መድረኩን የሚሠራው ጎረቤታቸው አናጺው በሩ ላይ ወረቀት በሚስማር ይመታል።]

መምህሩ፦ ለአንዲት ወረቀት አራት ሚስማር?

አናጺው፦ አራት ጥግ አላት መምህር።

መምህሩ፦ ሁለት ይበቃታል። ከላይ ከተያዘች ከታች የት ትሄዳለች?

አናጺው፦ ነፋስ ከገለበጣት ሰው ጀርባዋን ያነባል።

መምህሩ፦ ጀርባዋ ላይ ምን ተጽፏል?

አናጺው፦ ምንም።

መምህሩ፦ ታዲያ ምኑን ነው የሚያነበው? [መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ይላሉ] ቆይ እስቲ። «የቅዳሜው ዝግጅት ሁላችንም እስክናገግም ድረስ ተላልፏል።» ማን ነው ያስተላለፈው?

አናጺው፦ እኛ።

መምህሩ፦ እኛ ማን? አስተባባሪው እኔ አይደለሁም እንዴ?

አናጺው፦ እርስዎ የሌሉበት እኛ።

መምህሩ፦ [ከኪሳቸው ደብተር ያወጣሉ] ስማ፣ እኔ በግምት አልሠራም። ሰፈሩ ውስጥ ጉንፋን ገባ ሲባል፣ ትናንት ዘጠኙንም ተሳታፊዎች ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅኩ። ልብስ ሰፊዋን «ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት። «ደህና፣ ተመስገን» አለች። ጻፍኩ። ፀጉር አስተካካዩም ደህና። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ደህና። መረጃ ማለት ይሄ ነው። አንተስ ምን ብለህ ጠየቅክ?

አናጺው፦ እኔ እንኳ አልጠየቅኩም። ልብስ ሰፊዋ የበሯ ማጠፊያ እየጮኸ የታመሙ እናቷን አላስተኛ ስላላት ልጠግንላት ሄጄ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስታምሙ እንቅልፍ የለም። የመድረኩን መጋረጃ ስትሰፋ የለበሰችውን ቀሚስ አብራ ሰፍታዋለች። መጋረጃውን እየጎተተች ነው በሩን የከፈተችልኝ።

መምህሩ፦ [ቀስ ብለው] ከኋላዋ አይቼዋለሁ። ቆንጆ መጋረጃ ነው ብያታለሁ።

አናጺው፦ ዳቦ ጋጋሪው ሲጠይቁት ምን አለዎት?

መምህሩ፦ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

አናጺው፦ ድምፁ ጠፍቶ እኮ ነው።

መምህሩ፦ እኔ ለቅዳሜው ዘፈን እየቆጠበው መስሎኝ አመሰገንኩት። እሺ ይሁን፣ ፀጉር አስተካካዩ ግን ደህና ነው።

አናጺው፦ አልሳለም?

መምህሩ፦ በተውኔቱ ላይ በሽተኛ ሆኖ አይደል የሚጫወተው? «በዚሁ ቀጥል፣ ከባለፈው ልምምድ በጣም ተሻሽለሃል» አልኩት።

[አናጺው ሦስተኛውን ሚስማር ይመታል።]

መምህሩ፦ ለሁለት ቀን ብናስተላልፈውስ?

አናጺው፦ እስኪያገግሙ ነው የተባለው።

መምህሩ፦ አንተ ምን አለብህ፣ ቤትህ ሰው አለ። እኔ እህቴ ልጇ ዘንድ ከሄደች ወዲህ የማወራው ከግድግዳው ሰዓት ጋር ነው። እሱም ሰኞ ዕለት ቆመ። ልምምድ ሲኖር ነው ቀኑ የሚመሽልኝ።

[አናጺው መዶሻውን ያስቀምጣል።]

አናጺው፦ ለመሆኑ መምህር፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?

መምህሩ፦ እኔ? ደህና፣ ተመስገን።

[አናጺው ደብተሩን ከእጃቸው ተቀብሎ ከጆሮው ላይ ባወጣው እርሳስ ይጽፋል።]

መምህሩ፦ ምን ጻፍክ?

አናጺው፦ አሥር።

መምህሩ፦ አሥረኛው ማነው?

አናጺው፦ እርስዎ፤ እንደ እውነቱማ ከታመሙት አንደኛው ነዎት። ልብስ ሰፊዋ ዝግጅቱ ይተላለፍ ስትለኝ፣ ለእናትሽ ብለሽ ነው አልኳት። «እኛስ እንወጣዋለን፤ መምህሩ ናቸው ያሳሰቡኝ» አለችኝ። ሌሎቹም ጋ ስሄድ ያው ነው። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ በወረቀት ጻፈልኝ። ትናንት እየተንቀጠቀጡ፣ በአንድ እግርዎ ቆዳ ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ዘጠኝ በር አንኳኩተው «ደህና ናችሁ ወይ?» አሏቸው።

[መምህሩ እግራቸውን ያያሉ። ዛሬም እንደዚያው ነው።]

መምህሩ፦ አንድም ሰው አልነገረኝም።

አናጺው፦ እርስዎም አልነገሯቸውም። ለማንኛውም ቤትዎ ገብተው ይተኙ፤ እስኪድኑ በተራ እየመጣን እናስታምምዎታለን። ነገ የዳቦ ጋጋሪው ተራ ነው። እሱ መናገር ስለማይችል እንደ ልብዎ ያውሩለት።

መምህሩ፦ [ፊታቸው ፈካ ይላል] በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

አናጺው፦ በሦስት ሰዓት። አሁን አብሬዎት ሄጄ የቆመውን ሰዓት አስተካክልልዎታለሁ።

[መምህሩ ጥቂት ይራመዳሉ፤ ቆም ብለው በሩን ዞር ብለው ያያሉ።]

መምህሩ፦ አንተ ሰው፣ አራተኛውን ሚስማር ምታው እንጂ።

አናጺው፦ ሁለት ይበቃል አላሉም?

መምህሩ፦ ነፋስ ገልብጧት ሰው ጀርባዋን ቢያነብና ቅዳሜ ቢመጣስ? በዚህ እግሬ ደግሞ ቤት ለቤት ልዙር?