የአግዳሚው ሹም አቶ እንየው

የትም አገር ሂዱ፣ የሐኪም ቤት አግዳሚ ካለ ሳይሾሙት የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋበትም። ነጭ ጋዋን የለውም፤ ግን ከባለ ጋዋኖቹ ቀድሞ በሽታችሁን ይነግራችኋል። ክኒናችሁን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያነሳዋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «ይሄን ደግሞ ማን አዘዘልህ?» ይላል። ገና መቀመጫችሁ ሳይሞቅ፣ ልክ በእናንተ በሽታ የሞተ አንድ ጎረቤቱን ያወራላችኋል። ማን ሾመው? ማንም። ማን ይሽረዋል? እሱንም ማንም።

የእንጅባራው አግዳሚ ሹም ክቡር አቶ እንየው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በዳንግላ መናኸሪያ በተራ አስከባሪነት ገፍተው፣ ሲያረጁ ፊሽካቸውን ለወጣት አስረክበው ጉሮሯቸውን ግን ይዘው የወጡ ሰው ናቸው። ስንቱን ባለ ሚኒባስ በአንድ ጩኸት ወደ ኋላ የመለሰ ጉሮሮ፣ በሽተኛ ፊት ዝም ይበል? አይሆንም።

ሀሊሜ ከእሳቸው ጋር የተዋወቀችው ከአግዳሚው ራስ ላይ ተነሽ ተብላ ነው።

«አንች እመቤት! ከየት ወረድሽ? ተራ አለ እኮ!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅሁም።»

«እንግዲህ እወቂ። ይቺ ቦታ ቀድሞ ለመጣ ነች። ቀድሞ የሚመጣውም እኔ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ ሌሊቱን ይነሱ እንደሆን እንጃ፣ አንድም ሰው ቀድሟቸው አያውቅም። እሷም ከዳንግላ ነበረች፤ ገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ የምትሸጥ ባለ ሱቅ። ልቧ ከጊዜ ወዲህ አመሉን ለውጦባታል። አንዳንዴ እንደ በረገገ የጋሪ ፈረስ ሽምጥ ይጋልባል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀጥ ይላል። ሐኪሞቹ የልብ ምት መዛባት ይሉታል፤ አቶ እንየውንም አግዳሚው ላይ ያስቀመጣቸው ይኸው ነው። የቻይና መርፌ፣ ያ መድኃኒት ሳይኖረው ቆዳ ላይ የሚሰካው ቀጭን መርፌ፣ ለዚህ በሽታ ይበጅ እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች እንጅባራ መጥተዋል ሲባል ሰማች፤ ባሏ ሸዕባን «ሞክሪው፣ ምን ይጎዳል?» አላትና ማክሰኞ ማክሰኞ መመላለስ ጀመረች።

ነርሷ ሲስተር ሜላት በመጀመሪያው ቀን በሽተኞቹን አስቀምጣ ቁልጭ አድርጋ ነግራቸዋለች። ግማሻችሁ እውነተኛው መርፌ ይደርሳችኋል፤ ግማሻችሁ ደግሞ መርፌ የሚመስል፣ ቆዳ የማይበሳ። ለማን የትኛው እንደደረሰ አይነገርም። ክኒናችሁን እንዳታቋርጡ። የሚሰማችሁን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩን። እንግዲህ «አይነገርም» የሚባል ነገር ለአቶ እንየው እንዴት ይዋጥላቸው! አንዱ እግሩ በክር የታሰረ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ከክፍሉ የወጣውን ሁሉ የእጅ አንጓ እየተቀበሉ ይመረምሩ ጀመር።

«ያንተ እውነተኛ ነው። ቀላ ብሏል፣ አየህ? አንችን ግን ሀሊሜ፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው የሆነብሽ።»

ደጉ የሚባል የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ነበር፤ ያንተ የውሸት ነው ሲሉት ፊቱ ጠቁሮ፣ ልቡ እየዘለለ አገሩ ገባ። በሳምንቱ መነጽራቸውን ጠርገው አዩና «ተሳስቼ ነው፣ ያንተማ ዋናው ነው» አሉት። ሰውዬው እያፏጨ ሄደ። መርፌውን የሚሰካው ቻይናዊ ሐኪም ስንት መጽሐፍ ተምሮ ያላደረገውን፣ አቶ እንየው በአንድ ቃል የደጉን ልብ ሲያስጋልቡና ሲያረጋጉ ከረሙ።

ይህ ሁሉ ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም ነበር። የገደለው ሌላው ሕጋቸው ነው።

«ስሙኝ» ይላሉ፣ በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ። «ሰውየው ባሕር አቋርጦ ነው የመጣው። እንግዳ ነው። መርፌህ አልሠራም ብሎ ፊት ለፊት መናገር ከጨዋ ልጅ አይጠበቅም። እንዴት ናችሁ ሲሏችሁ፣ ተመስገን። በቃ። ደግሞ ብሶብኛል ያለውን ባሕር ዳር ነው የሚልኩት። ባሕር ዳር ከተላከ ተመልሶ እዚህ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው አይቻለሁ? አላየሁም!»

«ኧረ ጋሼ» አለች ሀሊሜ አንድ ቀን፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም እንዴ?»

«እሱ ላገራችን ሐኪም የተተረተ ነው። ለእንግዳ አይሠራም።»

አግዳሚው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ? ነገሩ ከሁሉም ደም ውስጥ ያለ ነው። በዚህ አገር ሰው ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ተመስገን ብሎ ነው ወደ ጭሱ የሚያመለክተው። እነዚህ ግን ወደ ጭሱም ማመልከቱን ተዉት። ሲስተር ሜላት ትጠይቃለች፣ እነሱ ያመሰግናሉ፤ ቻይናዊው ሐኪም ፈገግ ይላል፣ እነሱም ፈገግ ይላሉ።

ሀሊሜም አመሰገነች። ሱቋ ውስጥ ጨው ስትሰፍር ዓይኗ ጨልሞባት ወድቃ፣ ግንባሯ በሚዛኑ ጠርዝ ተተርትሮ፣ በማክሰኞው «እንዴት ነዎት እትዬ ሀሊሜ?» ስትባል «አልሃምዱሊላህ» አለች። ግንባርዎ ምን ሆነ? በር መታኝ። የልብ መመርመሪያው ማሽን ደግሞ እንደ ክፉ ምስክር ነው፤ የተጠራ ቀን ምንም አላየሁም ይላል። በዚያ ሰዓት ልቧ ደህና እየመታ ነበርና ማሽኑም ደህና ነች አለ። ለመሞት አንድ ውድቀት የቀራት ሴት እያመሰገነች ወጣች።

ውጭ አቶ እንየው መነጽራቸውን ሰክተው ግንባሯን አዩት።

«በር ነው አልሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እህ።»

ዱላቸውን ሊያነሱ ሲያጎነብሱ ከግራ እጃቸው ሾልኮ ወደቀ። እንደገና ያዙት፣ እንደገና ወደቀ። ጣቶቻቸው የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር።

«እጅዎ ምን ሆኗል?»

«ተኝቶ ነው። ይነሳል።»

«ለሲስተር ነግረዋታል?»

«ተመስገን ብያታለሁ» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ እጅ ከኪስ ሲወጣ አላየችም። ለሲስተር ይንገሩ ብላ ደጋግማ ለመነቻቸው፣ እሷም ሱቋ ውስጥ ወድቃ እንደነበር አልደበቀቻቸውም፤ ደጋግመው ገሠጿት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአንዱ ማክሰኞ፣ ሀሊሜ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ጆሮዋ ውስጥ ውኃ የሚወርድ መሰላት። ልቧ ጋለበ፣ ጋለበ፣ ከዚያ ቆመ። የምታስታውሰው የአቶ እንየውን ጩኸት ብቻ ነው፤ መናኸሪያ የሚያንቀጠቅጠውን ያንን ጩኸት።

«በሩን ክፈቱ! ክፈቱ ነው የምላችሁ!»

ከተራ በቀር ሕግ የማያውቁት ሰው፣ ገና ማንም ሳይጠራ፣ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ሲስተር ሜላት «አቶ እንየው፣ ተራ እኮ...» ስትል «ተራሽን እዚያው!» አሏት። «ይች ሴት ደህና አይደለችም። ደህና ሆናም አታውቅም። በር አይደለም የመታት፣ ሱቋ ውስጥ ወድቃ ነው። ስትዋሻችሁ ነው የከረመችው። እኔ ነኝ ተመስገን በይ ያልኳት። በሉ አንሷት!»

ቻይናዊው ሐኪም ቋንቋው ባይገባውም ጩኸቱ ገባው። አነሷት፣ ማሽኑን ሰኩባት፤ ይሄኔ ያ ክፉ ምስክር አፉን ከፈተ። ልቧ ለረጅም ትንፋሽ ቀጥ ሲል፣ ሁሉም ቆሞ አየው። ባሕር ዳር ይሂዱ ተባለ። አምቡላንስ መጣ፣ ሐኪሙ አብሯት ሊሄድ ጋዋኑን አወለቀ፣ የቀረው ሰው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይምጣ ተብሎ ተበተነ። ቀድመው የመጡት፣ የዕለቱ አንደኛ አቶ እንየውም ሳይመረመሩ ቀሩ።

ሀሊሜ በቃሬዛው ስትወጣ ነቅታለች፤ አፍና አፍንጫዋ ላይ ግን የኦክስጅን ጭንብል አለ። ሲስተር ሜላት እየሮጠች በአቶ እንየው አጠገብ አለፈች።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ተመስገን።»

ግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሀሊሜ በጭንብሉ ውስጥ «እጃቸው!» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም። ጣቷን አንስታ ወደ ኪሳቸው ጠቆመች። ሲስተር ሜላት አየቻትና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስንብት ነው፣ እዩዋት» አለች። አቶ እንየውም ቀኝ እጃቸውን አንስተው አውለበለቡላት። የአምቡላንሱ በር ተዘጋ።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ላኳት። ከትከሻዋ በታች፣ ደረቷ ውስጥ፣ ልቧ ሲቆም የሚቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ ቀበሩላት። ዳንግላ የገባች ዕለት ሸዕባን በጋሪ ሊያሳፍራት ሲል «መጀመሪያ ጋሼ እንየው ቤት» አለች። ሸዕባን መሬት መሬት አየ። ያኔ ገባት።

የአቶ እንየው ልጅ ሰርክአዲስ ጥቁር ለብሳ ተቀበለቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ።

«አንቺ ባሕር ዳር በሄድሽ ሰሞን ነው» አለች ሰርክአዲስ። «ሰኞ ጠዋት ነው የወደቀው። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አፉ ተጣመመ። አባባ ምን ሆንህ፣ የት ጋ ነው የሚያምህ ስለው... በዚያ በተጣመመ አፉ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

ሀሊሜ መልሱን ታውቃለች። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ማክሰኞ ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ያ ጉሮሮ ለሷ በር ሰብሮ ገባ፤ ለራሱ አንድ ቃል ማውጣት አቃተው። አበሳጫት፣ አንጀቷን በላት፣ ናፈቃት። ሦስቱም አንድ ላይ።

ለክትትል እንጅባራ በተቀጠረችበት ማክሰኞ አግዳሚው ፍርስርሱ ወጥቷል። ሰው በሰው ላይ ይገፋል፣ የመጨረሻው አንደኛ ይገባል፣ አንደኛውን ደግሞ የሚሰማው የለም። ተራዋ ሲደርስ ሲስተር ሜላት አቅፋ ሳመቻት።

«እትዬ ሀሊሜ! እንዴት ነዎት?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ መቼም የማይጠፋ ቃል ነው።

«ለአላህ፣ አልሃምዱሊላህ» አለች። «ላንቺ ግን ልንገርሽ። እግሬ ያብጣል። በግራ ጎኔ መተኛት አልችልም። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። መርፌያችሁ ሠራ አልሠራ አላውቅም፣ ሠራም ብዬ አልዋሽሽም። ደግሞ እፈራለሁ። በጣም ነው የምፈራው።»

ሲስተር ሜላት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ወሰዱ።

ስትወጣ አንድ አዲስ በሽተኛ፣ ከጫግኒ የመጣ ጎልማሳ፣ የአግዳሚው ራስ ላይ ተንሰራፍቶ ለአጠገቡ ሰው ያንሾካሹካል። «ምንም ብትሆን ተመስገን ነው የሚባለው አሉ። እንግዳ ነዋ!» የሟች ሕግ ከሟች ተርፎ እየኖረ ነበር። ሀሊሜ መንገዷን መቀጠል ትችል ነበር፤ ሚኒባሱም እየሞላ ነው።

«ተነስ ወንድሜ» አለችው። «እዚያ የሚቀመጠው ቀድሞ የመጣ ነው። ተመስገኑን ለእግዜር በሉት፤ እዚህ ስትገቡ የሚያማችሁን ተናገሩ። እጅህ ከደነዘዘ እጄ ደነዘዘ በል። ሰማህ? ከኪስህ አውጣው!»

ጎልማሳው ደንግጦ ተነሳ፣ ሁለቱንም እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ከኋላ አንዱ አጉረመረመ።

«ይቺን ሴትዮ ደግሞ ማን ሾማት?»

ሀሊሜ ዞር ብላ አየችው።

«የሾሙኝማ ሞተዋል» አለች። «በሉ፣ ተራ ያዙ።»