ሐጃ ኢንሳፍ ምክንያት አያጡም

በየሕንፃው የሰውን ሐዘን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እስክንድርያ ውስጥ ለእኛ ሕንፃ የደረሱን የተከበሩት ሐጃ ኢንሳፍ ናቸው። የሕክምና መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም፤ መንስኤው የሚሰወራቸው በሽታ ግን የለም።

የመጀመሪያው ፅንስ በሦስት ወሩ ሲወርድብኝ ከባለቤቴ ከረፍዐት ቀድመው ደረሱ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ምክንያቱ ግልጽ ነው!» አሉ። «መጋረጃ ስትሰቅዪ አይቼሻለሁ። እርጉዝ ሴት ክንዷን ሰቅላ ምን ትጠብቃለች?»

ሁለተኛው ሲወርድ ጥፋቱ የእህቴ ዓይን ሆነ። «አፏ ማሻአላህ አይል፤ ዓይኗ ሆድሽ ላይ ተተክሎ ነው የዋለው።» እህቴ ስምንት ወር ሙሉ ቤቴ ድርሽ እንዳትል አደረግሁ። ለዚህ ሐጃን ይቅር አላልኳቸውም። ራሴንም።

ሦስተኛዋ ስድስት ወር ቆየች። እግሬ አበጠ፣ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። «ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የጨው ዓሣ በልተሻል» አሉኝ። አመንኳቸው። ሆስፒታል ስደርስ የደም ግፊቴ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ሹሩቅ ልንላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐጃን ሳይ በር እዘጋ ጀመር። እሳቸው ግን የተዘጋ በር የማይገባቸው ሰው ናቸው። የሐኪም ቀጠሮዬ ዕለት ታክሲው ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ዶክተር ማጊዳ በትዕግሥት አስረዳችን። «በሽታ የሚከላከሉልን ሕዋሳት በእርግዝና ጊዜ ማህፀን ውስጥ ሌላም ሥራ አላቸው። ለፅንሱ ምግብ የሚያደርሱት የደም ሥሮች እንዲሰፉ ያግዛሉ። ይሄ በደንብ ሳይሆን ሲቀር የእንግዴ ልጁ ደም ያንሰዋል፤ የእናትየው ግፊት ይወጣል። የመጨረሻዋ እንደዚያ ሳትሆን አትቀርም። በሚቀጥለው ከመጀመሪያው እንከታተልሻለን።»

«አላልኩም? የገዛ ሰውነቷ ነው ጠላቷ!»

«አይደለም፣ ሐጃ። አጋዥ ነው፤ አልሳካለት አለ እንጂ። እሷም ያጠፋችው ነገር የለም። የፊተኞቹ ሁለቱ ለምን እንደወረዱ ግን አላውቅም።»

ሐጃ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ዶክተር ናት? አላውቅም ትላለች እኮ!»

ስንመለስ ግን ታክሲው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«እኔ አራት ወርዶብኛል።»

አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ይህን ሰምቼ አላውቅም።

«አማቴ ለአራቱም ምክንያት አላጣችም። ሳቅሽ፣ ሮጥሽ፣ ባልሽን አኮረፍሽ አለችኝ። አርባ ዓመት እኔ ነኝ የገደልኳቸው እያልኩ ኖርኩ።» እጄን ያዙኝ። «ናግላ ልጄ፣ እኔስ አላጠፋሁ ይሆን?»

ስለ እሳቸው ሐኪሟ አንድም ነገር አላለች። እኔም የማውቀው አልነበረኝም። ቂሜም ገና አልበረደም።

«አላጠፉም» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ምንም አላጠፉም።»

በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!» አሉኝ። እጄን ግን ቤት እስክንደርስ አልለቀቁትም።